ጂፓችንን ከሞተር ሆም ኋላ አስረን ሁለት ዓመት፦ የቱ ዕቃ ረዳን፣ የቱ አቃጠለን

ከመጨረሻው ልጀምር። ጂፑን ከሞተር ሆሙ ጋር የሚያያይዘው የመጎተቻ ብረት ነገ ቢሰረቅብኝ ያንኑ መልሼ እገዛለሁ። የጂፑን ፍሬን የሚረግጠውን ተንቀሳቃሽ ሳጥን ግን በነፃ ቢሰጡኝም አልፈልገውም። ጊዜ የሌለው ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየምም፣ የቀረው ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ነው።

9 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሞተር ሆም፣ ማለትም ውስጡ ቤት የሆነ ትልቅ መኪና፣ አለን። ከኋላው ባለ ሁለት በር ጂፕ ራንግለር እንጎትታለን። አውቶማቲክ ነው፣ አራቱም ጎማዎቹ መሬት ላይ ሆነው ይንከባለላሉ። የሚነዳው ባለቤቴ ነው። ማያያዝና መፍታት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው፣ ስለዚህ ስለ ብረቱ፣ ስለ ፒኑና ስለ ገመዱ የማማረር መብቱ ያለው እኔ ጋር ነው። እሱን ብትጠይቁት «በጣም አሪፍ ነው፣ ከኋላ መኪና እንዳለ እንኳ አይታወቅም» ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ አይታወቅም። ችግሩም እሱ ነው። ከኋላ የሆነው ሁሉ መሪው ላይ ላለ ሰው አይታወቅም፣ ጎማ ቢፈነዳም፣ ፍሬን ቢይዝም፣ ገመድ ቢበጠስም።

መጀመሪያ ለምን እንደምንጎትት። ሞተር ሆም ሲቆም ጥሩ ቤት ነው፣ ሲሄድ ግን ለከተማ የማይሆን መኪና ነው። አንዴ አቁማችሁት፣ እግሮቹን አውርዳችሁ፣ የውሃና የመብራት መስመሩን ካገናኛችሁ በኋላ ለአንዲት መድኃኒት ብላችሁ ያን ሁሉ መንቀል ያንገሸግሻል። ጠባብ መንገድ አይገባም፣ ጣሪያው ቅርንጫፍ ይመታል፣ ለስላሳ አፈር ላይ ከወጣ ደግሞ እዚያው ሰምጦ ይቀራል። ፎርዊሉ፣ ማለትም በአራቱም ጎማ የሚነዳው ጂፕ፣ ከኋላ ካለ ቤቱን አንድ ቦታ ትተክሉታላችሁ፣ የቀረውን ኮረኮንች፣ ዳገትና ጭቃ በጂፑ ነው።

ሰው የሚጠይቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ለምን ቀላል ትንሽ መኪና አትጎትቱም? ለምን ከባድ ፎርዊል?

መልሱ መኪናው ሆድ ውስጥ ነው ያለው። አብዛኛው አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይቱን የሚያዘዋውርለት ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ መኪናው ሲጎተት ጎማዎቹ የካምቢዮውን ውስጥ ያዞሩታል፣ ዘይት ግን አይደርሰውም። ማርሹን ዜሮ ላይ ማድረግም አያድነውም። ጥቂት እንደሄደ ይሞቃል፣ ከዚያ ይበላሻል። ፎርዊል ላይ ግን በካምቢዮውና በጎማዎቹ መካከል ሌላ የማርሽ ሳጥን አለ፣ ትራንስፈር ኬዝ የሚባለው። ይሄ ሳጥን የራሱ ኒውትራል፣ ማለትም ዜሮ ማርሽ፣ ካለው ነገሩ ተፈታ ማለት ነው። እዚያ ላይ ስታደርጉት ጎማዎቹና ዘንጎቹ ይዞራሉ፣ ካምቢዮው ግን ምንም ሳይነካው እንቅልፉን ይተኛል።

«ካለው» ያልኩትን ልብ በሉ። ፎርዊል ስለተባለ ብቻ አይጎተትም። ራንግለር በእጅ የሚገባ የትራንስፈር ማንሻ አለው፣ ኤን የሚል ፊደል ተጽፎበታል፣ መመሪያ መጽሐፉም እንዴት እንደሚጎተት ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። ሌላው ጂፕ፣ ግራንድ ቼሮኪ ላይ ግን ነገሩ ይለያያል። ባለ ሁለት ደረጃ (ከፍተኛና ዝቅተኛ) ትራንስፈር ኬዝ ያላቸው በእስክሪብቶ ጫፍ የምትጫን ጠባብ የኒውትራል ቁልፍ አለቻቸው፣ ባለ አንድ ደረጃዎቹ ግን የላቸውም፣ በአራት ጎማቸው መጎተት አይችሉም። ስማቸው አንድ፣ ቅርጻቸው አንድ ነው። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዱት ብዙዎቹ ትናንሽ መኪኖችም ይህ ኒውትራል የላቸውም። ስለዚህ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት የሻጩን አፍ ሳይሆን የዚያኑ ዓመትና የዚያኑ ሞዴል መመሪያ መጽሐፍ አንብቡ። ሻጭ ሁሉ «ይጎተታል» ነው የሚለው። ገመድ ካሰርክለት ቤትም ይጎተታል።

ሁለት ጎማ ብቻ የምታነሳ ትንሽ ተሳቢም አለች። ለፊት ጎማ ነጂ መኪና ትሆናለች። ለፎርዊል ግን አልመክርም፣ የቀሩት ሁለት ጎማዎች መሬት ላይ እየዞሩ የኋላውን ዘንግ ያዞሩታልና፣ ዘንጉ ካልተፈታ ወይም ትራንስፈሩ ካልተለቀቀ ውስጡ ይጎዳል። ሙሉ ተሳቢ ላይ መጫን ደግሞ ለጂፑ ምቾት ነው፣ ለእኛ ግን ተጨማሪ ክብደት ነው፣ ከደረስን በኋላም ባዶውን ተሳቢ የት እናቁመው የሚል ጭቅጭቅ አለው። ትዳራችን ለዚያ አልተዘጋጀም።

ክብደት ላይ ብዙ አልቆይም፣ ግን ሳይሰላ አይገባም። የሞተር ሆሙ ሰሌዳ ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጉ፦ ራሱ ተጭኖ ሊመዝን የሚችለው ከፍተኛ ክብደትና ከሚጎትተው ጋር ተደምሮ የተፈቀደለት። ለምሳሌ የተፈቀደው ድምር 10,000 ኪሎ ቢሆንና ቤቱ ተጭኖ 8,500 ቢመዝን፣ የቀራችሁ 1,500 ኪሎ ነው፣ ራንግለር ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ከኋላ ያለው ማያያዣም የራሱ ልክ አለው፣ ብዙዎቹ ላይ 5,000 ፓውንድ፣ ማለትም 2,268 ኪሎ የሚል ታገኛላችሁ። ብረቱ 4,500 ኪሎ ይችላል ተብሎ ቢጻፍበትም ትርፉ ለጌጥ ነው፣ ልኩን የሚወስነው ከሁሉም ደካማው ነው። እኛ ውሃውንም ዕቃውንም ሞልተን ሚዛን ላይ አስመዝነናል። ባለቤቴ በልቡ ገምቶት የነበረውና ሚዛኑ የተናገረው አልተገናኙም።

አሁን ወደ ብረቱ።

የገዛነው ሁለት እጅ ያለው ነው። እጆቹ እንደ ቴሌስኮፕ ይረዝማሉ፣ ያጥራሉ። አንዱ ጫፉ ሞተር ሆሙ ላይ ይቀራል፣ ስንፈታው ወደ ጎን ታጥፎ ይቀመጣል። ጂፑ ላይ ደግሞ ከባምፐሩ ኋላ ሻንሲው ላይ የታሰረ መያዣ አለ፣ ከፊት የሚታዩት ሁለት ትናንሽ ጆሮዎች ብቻ ናቸው። መያዣውን ያስገጠምነው ጋራዥ ሥራውን በደንብ ሠርቷል፣ ግን «በቃ፣ አልቋል» ብሎ የሰጠንን ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ቁልፍ ይዤ ብገባበት አንዱ ቡሎን ሩብ ዙር ያህል ላልቶ ነበር። አዲስ ቡሎን ቦታውን እስኪይዝ ይላላል፣ ያለ ነገር ነው። ብቻ ማንም «ተመልሰሽ አጥብቂው» አላለኝም። እኔ እያልኳችሁ ነው።

እጆቹ መርዘማቸው ለምን እንደሚጠቅም የገባኝ የመጀመሪያው ቀን ነው። ከዚያ በፊት አንድ ወዳጃችን ያዋሰንን የድሮ ብረት ሞክረን ነበር። ያኛው ድርቅ ያለ ነው፣ ጂፑ በጣት ልክ እንኳ ወደ ጎን ከሆነ ፒኑ አይገባም። ባለቤቴ ጂፑ ውስጥ፣ እኔ በብረቱ መካከል፣ «ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ! ትንሽ አልኩህ እኮ!» ስንባባል ጎረቤት ያደረው ሁሉ በመስኮት ያየን ነበር። በአዲሱ ብረት ግን ጂፑን በግምት አስጠግቶ ማቆም ይበቃል። እጁን ጎትቼ ጆሮው ላይ አደርሰዋለሁ፣ ፒኑን እከታለሁ፣ የፒኑን መቆለፊያ አስገባለሁ። ያኛውንም እንዲሁ። ከዚያ እሱ ሞተር ሆሙን ቀስ ብሎ ወደፊት ይነዳል። እጆቹ ይረዝሙና ልካቸው ላይ ሲደርሱ ይቆለፋሉ። «ቀጭ» ይላል። ጥቂት ቆይቶ ሌላ «ቀጭ»። ሁለት ጊዜ ነው መስማት ያለባችሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሰማችሁ አንዱ እጅ አልተቆለፈም፣ ትንሽ ወዲያ ወዲህ እያለ ይሂድ። እኔ ሁለተኛዋን እስክሰማ ከጎን ጎን እራመዳለሁ፣ በዝናብም ቢሆን።

ስንፈታ ደግሞ ብረቱ የተወጠረ ከሆነ ችግር ነበር። ዳገት ላይ ወይም ታጥፋችሁ ከቆማችሁ የጂፑ ክብደት በሙሉ ፒኑ ላይ ያርፋል። በተዋስነው ብረት ጊዜ መዶሻ ይዤ ፒኑን ስቀጠቅጥ ባለቤቴ እየሮጠ መጥቶ «ተይው፣ ተይው! ልትሰብሪው ነው!» ያለኝ ቀን አይረሳኝም። አዲሱ ረዘም ያለ የመልቀቂያ ማንሻ አለው። ተወጥሮም ቢሆን በእጅ ስትጫኑት ይለቃል። በሁለት ዓመት ውስጥ መዶሻ ያወጣሁት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም የእኔ ስንፍና ነው። እጆቹ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነበር፣ ሳላጸዳው ወራት አሳልፌአለሁ። ግሪስ በብዛት ለቅልቃችሁ ደግሞ አትተዉት፣ አሸዋ ይሰበስባል። አምራቹ የሚለውን ብቻ አድርጉ፣ ሽፋንም ግዙለት።

ብረቱ ከመሬት ጋር ትይዩ መሆን አለበት። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ነው የሚመከረው። የእኛ ሞተር ሆም ማያያዣ ከጂፑ ጆሮዎች ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይል ስለነበር ዝቅ የሚያደርግ መቀጠያ ብረት ጨመርን። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቅንጦት ያየዋል። ፍሬን ሲያዝ ግን ከኋላ የሚገፋው መኪና ዘንበል ያለውን ብረት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊያጥፈው ነው የሚታገለው። ጂፑን በትልልቅ ጎማ ከፍ አድርጋችሁት ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ይገለበጣል፣ እንደገና ለኩ።

የደህንነት ኬብሎቹ ሁለት ናቸው፣ ከብረቱ ሥር ተጣምረው፣ አንዱ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አንዱ ከግራ ወደ ቀኝ ይታሰራሉ። ብረቱ ቢበጠስ እንደ አልጋ ተቀብለው መሬት እንዳይወጋ ያደርጉታል። ለመታጠፊያ የሚበቃ ርዝመት ይኑራቸው፣ አስፋልት እስኪልሱ ግን አይለቀቁ።

አሁን ደስ የማይለው። ወደ ኋላ መሄድ አይቻልም። ማለቴ ከአንድ ሁለት ሜትር በላይ አይቻልም። የጂፑ የፊት ጎማዎች ነፃ ስለሆኑ ወደ ኋላ ስትገፉት በራሳቸው ወደ አንድ ጎን ይዞራሉ፣ ከዚያ ጎማው በጎኑ ይፋቃል፣ ብረቱ ይጠመዘዛል። የሁለተኛው ወራችን ላይ ነዳጅ ልንቀዳ አንድ ማደያ ገባን። መውጫው በቆመ መኪና ተዘግቷል። ከኋላችን ደግሞ ሦስት አራት መኪና ተሰልፏል። 15 ሜትር የሚጠጋ ነገር ይዘን እዚያ መሃል ላይ። ወርጄ ኬብል መፍታት፣ የመብራቱን ገመድ መንቀል፣ ፒን ማውጣት፣ ጂፑን አስነስቼ ወደ ኋላ መንዳት፣ እሱ ሞተር ሆሙን ማውጣት፣ ከዚያ መንገድ ዳር እንደገና ማያያዝ። ክላክሱን አትጠይቁኝ። ከዚያ ወዲህ ደርሰን ሳናየው አንገባም፣ መውጫው ካልታየኝ «እለፈው» እላለሁ፣ እሱም ያልፋል።

ኒውትራል ማስገባቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ውድ የሚያስከፍለው ስህተት ያለው እዚህ ነው። የእኛ ጂፕ ላይ እንዲህ ነው የማደርገው። ሜዳ ቦታ ላይ አቁሜ፣ ሞተሩ እንደተነሳ ፍሬን ረግጬ ካምቢዮውን ዜሮ ላይ አደርጋለሁ። ከዚያ የትራንስፈሩን ማንሻ ኤን ላይ እከታለሁ። ቀጥሎ ፈተናው ነው። ካምቢዮውን የኋላ ማርሽ አስገብቼ ከፍሬኑ ላይ እግሬን አነሳና አምስት ሰከንድ እጠብቃለሁ። መኪናው መንቀሳቀስ የለበትም። ወደፊት ማርሽም እንዲሁ። ከተንቀሳቀሰ ትራንስፈሩ በትክክል አልገባም። ካልተንቀሳቀሰ እንደገና ዜሮ፣ ሞተሩን አጠፋለሁ፣ ከጠፋ በኋላ ብቻ ካምቢዮውን ፓርክ ላይ። ሞተሩ እየሠራ ፓርክ ካስገባችሁት ካምቢዮውን ልትጎዱት ትችላላችሁ። ቁልፉ መሪው በማይቆለፍበት ቦታ ላይ ይቀራል፣ ጎማዎቹ በመታጠፊያ ላይ ራሳቸውን ማዞር አለባቸውና።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ትራንስፈሩ ኒውትራል ላይ ከሆነ መኪናው ፓርክ ላይ ሆኖም ይንከባለላል። ፓርክ የሚይዘው ካምቢዮውን ነው፣ ካምቢዮው ደግሞ ከጎማዎቹ ጋር ተለያይቷል። ስለዚህ ብረቱ ላይ እስኪታሰር ድረስ የእጅ ፍሬን! ከታሰረ በኋላ ደግሞ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ! ሁለቱንም የምትረሱበት ቀን ይመጣል፣ በየተራ። ማኑዋል ካምቢዮ ያላችሁ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ራንግለር ላይ ማኑዋሉ ማርሽ ውስጥ ገብቶ ነው የሚጎተተው። ትራንስፈሩ በስህተት በዝቅተኛው ፎርዊል ላይ ቀርቶ መንገድ ከተወጣ ጎማዎቹ የጠፋውን ሞተር ከአቅሙ በላይ ያዞሩታል፣ ያፈርሱታል። መሪው ላይ ላለውም ያው፣ አይታወቅም።

እሺ፣ ፍሬን።

1,800 ኪሎ የሚጠጋ መኪና ከኋላ እየገፋ ሞተር ሆሙ ብቻውን ይቁም ማለት ቁልቁለት ላይ ይታያችኋል። ሕጉም በየቦታው ይለያያል። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች 3,000 ፓውንድ፣ ወደ 1,360 ኪሎ የሚሆን፣ ከደረሰ ወይም ካለፈ የራሱ ፍሬን ይኑረው ይላሉ። እንግሊዝ ውስጥ በብረት የሚጎተት መኪና እንደ ተሳቢ ይቆጠራል፣ ከ750 ኪሎ በላይ ከሆነ የሚሠራ ፍሬን ግዴታ ነው። ጀርመንና ስፔን ውስጥ ደግሞ ደህና መኪና እንዲህ ለሽርሽር መጎተት አይፈቀድም። ድንበር የምትሻገሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መጀመሪያ የገዛነው ተንቀሳቃሹን ሳጥን ነው። ወለሉ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ ጀርባውን ከሹፌሩ ወንበር ታስደግፉታላችሁ፣ ክንዱን የፍሬን ፔዳሉ ላይ ታያይዛላችሁ፣ መኪናው ሶኬት ላይ ትሰኩታላችሁ። ሞተር ሆሙ ሲቀንስ ሳጥኑ ፍጥነት መቀነሱን ያውቅና በታመቀ አየር ፔዳሉን ይረግጣል። መቦርቦር የለ፣ መግጠም የለ፣ መኪና ብትቀይሩ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ሲነገር እንዴት ደስ ይላል!

በተግባር ግን በየጠዋቱ አንድ ሰው ጂፑ ውስጥ ተጎንብሶ ማስተካከል አለበት። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ረግጣችሁ ፔዳሉን በሚያቀለው የፍሬን አጋዥ ውስጥ የቀረውን ቫኪዩም ታወጣላችሁ፣ ፔዳሉ ድንጋይ እስኪሆን። ያን ከረሳችሁ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ርግጫዎች ከልክ በላይ ይይዛሉ። ከዚያ የወንበሩ ርቀት። ከዚያ ኃይሉን በቁልፍ ማስተካከል። እና ሳጥኑ ጉድጓድና ፍሬን አይለይም። የተቦጫጨቀ መንገድ ላይ በተነቀነቀ ቁጥር ፔዳሉን ነካ ያደርጋል፣ እኛ ጋ ያለችው ትንሽ መቆጣጠሪያም «ቲጥ» ትላለች። ቲጥ። ቲጥ። ቲጥ። ባለቤቴ ሦስተኛው ቀን ላይ ድምጿን ቀነሳት። እኔም አየሁት፣ ምንም አላልኩም።

አንድ ጠዋት ሳጥኑን ሳስቀምጥ ወንበሩን ከወትሮው አንድ ቀዳዳ ወደፊት አምጥቼው ኖሯል። ክንዱ ፔዳሉ ላይ ተደግፎ ቀረ። ጭንቅ ብሎ አልረገጠውም፣ ዝም ብሎ ተደገፈው። ተነሳን። ሞተር ሆሙ ትልቅ ሞተር ነው ያለው፣ አልከበደውም፣ እኛም ወሬ ይዘናል። ከአርባ ደቂቃ በኋላ አንድ የጭነት መኪና አልፎን እያበራ እያጠፋ ምልክት ሰጠን። «ቀስ ስላልን ተናዶ ነው» አለ ባለቤቴ። ሁለተኛው መኪና ሲያበራልን ግን ዳር ያዝን። በሩን ስከፍት ሽታው ቀድሞኝ ገባ። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ፣ አንዴ ያሸተተው አይረሳውም። ከፊት ግራ ጎማ ጭስ ይወጣል፣ ቸርኬው አጠገብ እጄን ማስጠጋት አልቻልኩም። የእሳት ማጥፊያውን ይዤ ቆሜ ዝም ብዬ ጠበቅኩ፣ ውሃ አላፈሰስኩበትም፣ የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰሳችሁ ሊሰነጠቅ ይችላል። እሳት አልተነሳም። የፊት የፍሬን ሸራዎቹ ግን ከሰል ሆነዋል፣ ዲስኮቹ ሰማያዊ ጥላ አውጥተዋል፣ ሁሉም ተቀየረ።

ጥፋቱ የእኔ ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ወንበሩን ያስጠጋሁት እኔ ነኝ፣ አዎ። ድምጿን የቀነሳት እሱ ነው፣ አዎ። ግን ቀኑን ሙሉ በውሸት የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ሠርቶ የሸጠ ሰው የሚሆነውን ማወቅ ነበረበት። ፔዳሉ ለረጅም ጊዜ ሲረገጥ ለይቶ የሚጮህ ቢሆን ኖሮ እዚያ ባልደረስን። አምራቹን ጠየቅን፣ «ወንበሩን ያስተካክሉ» የሚል መልስ መጣ። ስሙን አልጠራም፣ ሳጥኑም አሁን የለኝም።

በምትኩ በቋሚነት የሚገጠም አስገባን። ዋናው ክፍል ወንበር ሥር ተደብቋል፣ ፔዳሉን በቀጭን ገመድ ይስባል፣ ለፍሬን አጋዡም ቫኪዩም ይሰጠዋል። የሚነሳው በመነቅነቅ ሳይሆን የሞተር ሆሙ የፍሬን መብራት ሲበራ ነው፣ ስለዚህ ጉድጓድ አያታልለውም። መግጠሙ አንድ ሙሉ ቀን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት የማደርገው ገመድ መሰካት ብቻ ነው። ከሁሉም የምወዳት ግን አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ናት። የጂፑ ፔዳል ሲረገጥ እኛ ዳሽቦርድ ላይ ትበራለች። ባለቤቴ ፍሬን ይዞ ከበራች ጥሩ ነው። እግሩን አንስቶ ካልጠፋች ዳር መያዝ ነው። ጩኸት የላትም፣ አትነዘንዝም።

እንከን የላትም አልልም። ፓምፑ ሲሠራ ያጉረመርማል። ጂፑን ለብቻው ስነዳ ፔዳሉ ላይ ያለችው መያዣ አልፎ አልፎ ጫማዬን ትነካለች። ጂፑን ብንሸጥ ደግሞ ነቅሎ ሌላ ላይ መግጠም ሌላ ቀን ሙሉ ሥራ ነው። ግን ከዚያ ጭስ በኋላ ይሄ ሁሉ ምንም አይደለም።

የመበጠሻ ማብሪያውንም አትርሱ። ጂፑ ከሞተር ሆሙ ቢላቀቅ ፒኗ ተስባ ትወጣለች፣ ፍሬኑ በራሱ ይያዛል። ወር በወር ቆመን በእጄ ስቤ አወጣትና መያዙን አያለሁ። ገመዷን ብረቱ ላይ አትሰሯት፣ ሞተር ሆሙ ላይ እሰሯት። ብረቱ ነው ሊላቀቅ የሚችለው።

መብራት ላይ ችግር አልገጠመንም። የጂፑን የራሱን የኋላ መብራት ነው የምንጠቀመው፣ በመካከል ዳዮድ ገብቶ፣ ከሞተር ሆሙ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ወደ ጂፑ ሌላ መስመር እንዳይመለስ። ፍሬቻና ፍሬን በተነሳን ቁጥር እናያለን፣ እሱ ይጫናል፣ እኔ ከኋላ ቆሜ አውራ ጣቴን አሳያለሁ።

ባትሪ ግን አናድዶናል። ቁልፉ ስላልጠፋ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ይበላል፣ የፍሬን ፓምፑም ይጨምርበታል። ማታ ደርሰን ፈትቼ ጂፑን ላስነሳ ስል ቀጭ ብሎ ዝም። ሁለት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ከሞተር ሆሙ የሚመጣ የኃይል መሙያ መስመር በፊውዝ አስገባን፣ ከዚያ ወዲህ አልደገመንም። ይሄን ከመጀመሪያው አብራችሁ አስገጥሙ፣ የፍሬኑን ከገጠመው ሰው ጋር በአንድ ቀን ያልቃል።

ኮረኮንች ላይ ሞተር ሆሙ በኋላ ጎማዎቹ የሚወረውረው ጠጠር ቀጥታ ጂፑ ፊት ላይ ነው የሚያርፈው። አንድ የፊት መስታወት ከፍለን ተምረናል። አሁን ብረቱ ላይ የሚወጠር መከላከያ ሸራ አለን። ለአስፋልት ብዙም አያስፈልግም። በጂፑ አራት ጎማዎች ላይም የአየር ግፊትና ሙቀት የሚያሳዩ ትንንሽ መቆጣጠሪያዎች አድርገናል፣ ይሄንን ከልቤ እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ከኋላ የተነፈሰ ጎማ ቸርኬው እስኪታይ ድረስ ይጎተታል።

በቆምን ቁጥር እየዞርኩ እጄን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጋለሁ። አራቱም ተመሳሳይ ሙቀት ካላቸው ደህና ነው። አንዱ ከተለየ አለ የሆነ ነገር። የማያያዣው ቅደም ተከተልም ወረቀት ላይ ተጽፎ የጂፑ መሪ ላይ በላስቲክ ታስሯል፣ ሁሉም ሳይረጋገጥ ላስቲኩ አይፈታም። ሰው ሊያወራኝ ሲመጣ ደግሞ ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው። ጨዋታ መሃል ነው ፒን የሚረሳው።

ለብረቱ ከአምስት አምስት እሰጠዋለሁ። ለቋሚው ፍሬን አራት፣ በጫማዬ ምክንያት። ለተንቀሳቃሹ አንድ፣ እሱም ቀለሙ ቆንጆ ስለነበር።

አሁን የቀረን የመብራቱ ገመድ ነው። ርዝመቱን ሳላስተካክል ቀርቼ በየመታጠፊያው መሬት ሲነካ ሽፋኑ ተልጦ መዳቡ ታይቷል። ለጊዜው በፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ፣ አዲሱ ታዟል። ትናንት ለባለቤቴ ሳሳየው ጎንበስ ብሎ አየውና «እኔ ጋ እኮ ምንም አይታወቅም» አለኝ።